ታካሚው በማደንዘዣ ተኝቶ የረጋ ደም ሳንባው ቢገባ፦ እንዴት ይታወቃል? ምን ይደረጋል?

የጭን አጥንቱ ተሰብሮ ቀናት አልጋ ላይ የቆየ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ያ የረጋ ደም በቀዶ ሕክምና መሃል ተነቅሎ ሳንባ ቢገባስ? ነቅቶ ቢሆን «ትንፋሽ አጠረኝ» ይል ነበር። በሙሉ ማደንዘዣ የተኛ ሰው ግን ምንም አይልም። ስለዚህ ዓይን ከሞኒተሩ አይነቀልም።

1. ሲተነፍስ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። የመተንፈሻ ማሽኑን ማንም ሳይነካው በድንገት ወደ 20 ካሽቆለቆለ ጠርጥሩ። አየር ሳንባ ይገባል፤ ደሙ ግን መንገዱ ስለተዘጋ እዚያ አይደርስም። ታዲያ ምን ካርቦን ይውጣ? የደም ግፊት መውረድ፣ የልብ ምት መፍጠንና የኦክስጅን መቀነስም ይከተላሉ። ሁሉም አንድ ላይ እስኪመጡ ግን አትጠብቁ።

2. ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ሰርጅኑ ሥራውን ያቁም፤ ተጨማሪ ሰው ይጠራ። ኦክስጅኑን 100 ፐርሰንት አድርጉ፣ ማደንዘዣውን ቀንሱ። ወዲያው ሌሎቹን ምክንያቶች ፈትሹ፦ የመተንፈሻ ቱቦው ቦታው ላይ ነው? ሁለቱም ሳንባ አየር ያስገባል? ደም እየፈሰሰ ነው? አለርጂ ይሆን?

3. ግፊቱን ደግፉ። ግፊት ሲወርድ እጅ ቶሎ በደም ሥር ወደሚሰጥ ፈሳሽ (በተለምዶ «ግሉኮስ» ወደሚባለው) ይሄዳል። እዚህ ጋ ግን ቀስ በሉ! የልቡ ቀኝ ክፍል የተዘጋ መንገድ እየገፋ ተለጥጧል፤ ብዙ ፈሳሽ ይብስበታል። ትንሽ ፈሳሽ ሰጥቶ የደም ግፊትን ከፍ በሚያደርገው መድኃኒት፣ በኖርአድሬናሊን፣ መደገፍ ይሻላል።

4. አረጋግጡ። በመሃል ሲቲ ስካን የለም። የልብ አልትራሳውንድ ካለ፣ የልቡ ቀኝ ክፍል አብጦ ግራውን ሲጫን ይታያል።

5. ደም ማቅጠኛ ይሰጥ? ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። ሄፓሪን አዲስ መርጋትን ይከላከላል፤ የረጋውን የሚያሟሟው ሌላ መድኃኒት ነው። ቁስሉ ክፍት ነውና ሁለቱም ያደማሉ፤ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ከሆነማ አስቡት። ውሳኔው የሰርጅኑና የማደንዘዣ ባለሙያው የጋራ ነው። አቅሙ ያለው ሆስፒታል የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ወይም በቀዶ ሕክምና ያወጣል።

ልብ ከቆመ ደረት መጫን ይጀመራል። ማሟሟያው ከተሰጠ ደግሞ መድኃኒቱ እስኪሠራ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሰው እየተቀያየረ።

ቀዶ ሕክምና የምትጠብቁ ከሆነ፣ አንድ እግራችሁ ብቻ ካበጠ፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶባችሁ ከነበረ ወይም የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስዱ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ተናገሩ። «አልጠየቁኝም» ብላችሁ አትለፉት።