ከመሰካትዎ በፊት፦ የድሮ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የ40 ዓመት ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር ኪቦርድ) ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእርጅና ሳይሆን አዲስ ባለቤት እጅ በገባበት ቀን ነው። ድምፁን ለመስማት ያለው ጉጉት ያጣድፋል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ አሥር ደቂቃ ቢታገሡ የሚቀሩ ናቸው።

ስፒናውን ቀይሮ ቮልቱን መርሳት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ከአሜሪካ በሻንጣ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይገጥመዋልና። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የጃፓን 100፣ የኢትዮጵያ 220 ነው። ትንሿ አዳፕተር የስፒናውን እግር እንጂ ቮልቱን አትለውጥም። ባለ 120 ቮልት ጁኖ-106 (የሮላንድ ሲንተሳይዘር) በቀጥታ 220 ላይ ሲሰካ ዕድል ከቀናዎት ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል። ካልቀናዎት የውስጡ ትራንስፎርመር ግሎ የሽቦ ጥቅሉ ይቃጠላል፤ ሬጉሌተሮቹና ካፓሲተሮቹም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ቮልቱም ዋቱም እዚያ ላይ አለ። ከዚያ የማሽኑን ዋት እጥፍ የሚችል ቮልት አውራጅ ትራንስፎርመር ይግዙ። ለአብዛኞቹ የዚያ ዘመን ኪቦርዶች 100 ዋት ይበቃል። ዕቃውን በእጅዎ መዝኑት፦ እውነተኛ ትራንስፎርመር ብረትና መዳብ ስለሆነ ይከብዳል። ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ ተብሎ የሚሸጠው ቀላሉ መቀነሻ የኤሌክትሪኩን ሞገድ ይቆርጠዋል እንጂ በትክክል አያወርደውም፤ ለሙዚቃ መሣሪያ አይሆንም። 100 ቮልት የሚል የጃፓን ዕቃ ከሆነ ደግሞ የራሱን ባለ 100 ቮልት ትራንስፎርመር ይፈልጉለት፤ 120 ቢሰጡት ከሚገባው 20 በመቶ በላይ ነው።

ፊውዙ ከተቃጠለም ምክንያቱን ሳያገኙ ከፍ ያለ አምፒር አይተኩበት። በሽቦ ማያያዝማ ፊውዙ ያተረፈውን ትራንስፎርመር መግደል ነው።

ባትሪውን እስኪያልቅ መጠበቅ

ያማሃ ዲኤክስ7 (1983) እና ጁኖ-106 (1984) የተቀመጡ ድምፆችን የሚያስታውሱት በአንዲት ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ባትሪ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ድምፆቹም ይጠፋሉ። በቴስተር ለክተው ከ2.7 ቮልት በታች ካገኙት አይቆዩ። ከመንቀልዎ በፊት ግን ድምፆቹን ያውጡ፦ ዲኤክስ7 በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች መረጃ የሚለዋወጡበት መንገድ) ገመድ 32ቱንም ወደ ኮምፒውተር ይልካል፤ ጁኖው ደግሞ በቴፕ መሰኪያው እንደ ድምፅ ያወጣቸዋል፣ እሱን መቅዳት ነው። አዲሱን ባትሪ ራሱን ሶልደር አያድርጉት፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የባትሪ መያዣ ሶልደር አድርገው ባትሪውን መጨረሻ ላይ ይሰኩት።

ኮርግ ፖሊሲክስ (1981) ጉዳዩ ሌላ ነው። የእሱ ባትሪ ቻርጅ የሚሆን ኒኬል ካድሚየም ሲሆን ሲያረጅ ያፈሳል። ክዳኑን ሲከፍቱ በባትሪው ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት፣ የጠቆረ የመዳብ መስመር፣ አንዳንዴም ጭራሽ ተበልቶ የተቆረጠ መስመር ያያሉ። ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ መጀመሪያ በአቼቶ በጥርስ ብሩሽ ይጠቡት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ በመጨረሻ በአልኮል አድርቀው መስመሮቹን አንድ በአንድ በቴስተር ይፈትሹ። በቦታው ተራ ሊቲየም የሚያስገቡ ከሆነ ቻርጅ የሚያደርገውን ጅረት በዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) መዝጋት ግዴታ ነው፤ ሊቲየሙ ቻርጅ ከተደረገ ሊፈነዳ ይችላል።

የጁኖ-106ን ሕመም በቁልፎቹ ማሳበብ

አንዳንድ ኖታ ሲጠፋ ወይም ሲንኮሻኮሽ ብዙ ሰው ኪቦርዱን ፈትቶ ማጽዳት ይጀምራል። ጁኖው ስድስት ድምፅ አለው (በአንድ ጊዜ ስድስት ኖታ ያሰማል)፤ እያንዳንዱ 80017ኤ በተባለ ቺፕ ያልፋል። ቺፖቹ የተሸፈኑበት ጥቁር ማጣበቂያ በጊዜ ብዛት ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ስለሚጀምር ነው የሚበላሹት። ለመለየት የኪ ትራንስፖዝ ቁልፍን ተጭነው ማሽኑን ያብሩ፤ አንድ ኖታ በመታዎ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የትኛው ድምፅ እንደተጠራ በቁጥር ይወጣል። ጥፋቱ ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር ከተከተለ ችግሩ ከቁልፉ ሳይሆን ከቺፑ ወይም ከዙሪያው ነው። ቺፑን ነቅሎ አሴቶን ውስጥ አንድ ሁለት ቀን መዘፍዘፍና የለሰለሰውን ሽፋን መላጥ ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል መስኮት ከፍተው፣ ከእሳት ርቀው ይሥሩ።

ተንሸራታቾቹን በደብሊውዲ-40 መርጨት

ለዛሬ ይለሰልሳል፣ ነገ አቧራ ይሰበስባል። ለፌደር የተሠራ የኮንታክት ማጽጃ በጥቂቱ ረጭተው 20 ጊዜ ያህል ወደላይ ወደታች ያንሸራትቱ።

ባለ አምስት እግር መሰኪያ ሁሉ ሚዲ ይመስላል

የሮላንድ የከበሮ ማሽን ቲአር-808 (1980) ከሚዲ በፊት የተሠራ ነው። ከጀርባው ያለው ክብ መሰኪያ ሲንክ (የምት ማመሳሰያ) ነው፦ እግር 1 መነሻና ማቆሚያ፣ 2 ግራውንድ፣ 3 ምት። ሚዲ የሚሄደው ግን በ4 እና በ5 ነው፤ ስለዚህ ገመዱ ይገባል፣ ማሽኑ ግን አይንቀሳቀስም። መሃል ላይ መለወጫ ያስፈልጋል። የምቱ ብዛትም ይለያያል፦ ሮላንድ በአንድ ሩብ ኖታ 24፣ የድሮ ኮርግ 48፣ የዛሬው ኮርግ ቮልካ 2 ብቻ። 48 የሚጠብቀው 24 ከደረሰው በግማሽ ፍጥነት ይጎተታል።

ችክችካ ለመሥራት ደግሞ የከበሮ ማሽኑን 16 ስቴፕ (የምት ደረጃዎች) እንዳሉ አይተዉ። የመጨረሻውን ስቴፕ 12 ላይ ያድርጉት፤ ሁለት ባለ 6/8 ዙር ይወጣዋል። በ16 ላይ ቢደክሙም ምቱ በየዙሩ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

በገዛ እጅ ሲሠሩ፦ ባዶ እግርና የተገለበጠ ፖላሪቲ

የራሱን ድምፅ ሰጪ ሰርኪዩት ለሚሠራ ጀማሪ ሲዲ40106 የሚያህል ቺፕ የለም። አንድ 100 ኪሎኦም ሬዚስተርና አንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ሲጨመርለት ከ100 ኸርዝ ትንሽ ከፍ የሚል ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ ስድስት ኢንቨርተር (ምልክት ገልባጭ) አለ። አንዱን ብቻ ተጠቅመው የቀሩትን አምስት መግቢያዎች ባዶ መተው የተለመደ ስህተት ነው፤ አየሩን እየሰሙ ይንጫጫሉ፣ ቺፑም ይግላል። ያልተጠቀሙባቸውን አምስት መግቢያዎች ሁሉ ከግራውንድ ያገናኙ፤ መውጫዎቹን ግን አይንኩ። በእግር 14 እና 7 መካከል፣ ከቺፑ ሥር ተጠግቶ፣ ሌላ 100 ናኖፋራድ ያስቀምጡ። ወደ ሚክሰር ሲያወጡም ቺፑ የሚሠራበትን 9 ቮልት እንዳለ አይላኩት፦ በ100 ኪሎኦምና በ10 ኪሎኦም ከፋፍለው ያውርዱት።

አዳፕተር ሲሰኩ መሃሉ ፕላስ ይሁን ማይነስ ከስዕሉ ያረጋግጡ። የጊታር ፔዳሎች አብዛኛውን ጊዜ መሃላቸው ማይነስ ነው፤ የቮልካ ፕላስ ነው። በዩሮራክ ሞጁል (በሳጥን ውስጥ እየተደረደረ የሚገጣጠም የሲንተሳይዘር ክፍል) ደግሞ የገመዱ ቀይ መስመር ማይነስ 12 ቮልት በተጻፈበት በኩል ይውላል። ገመዱን ሲሰኩ ሳይሆን ከሰኩ በኋላ፣ ኃይሉን ሳይከፍቱ፣ በሁለቱም ጫፍ ይህን መስመር በዓይንዎ ይከተሉት።