የታይሚንግ ካቴና ሲጮህ፦ በእጅ የሚስተካከል ቴንሽነር ችግርና መፍትሄ

የደሴ ጠዋት ብርዱ ይታወቃል። ሞተር ሳይክሉን አስነስታችሁ ስታሞቁ ከሲሊንደሩ ጎን «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ትንሽ ሲሞቅ ይቀንሳል። ከዚያ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ጋዝ በለቀቃችሁ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ጋራዥ ሄዶ «አጥብቅልኝ» ይላል። መካኒኩ ያጠብቃል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ሒሳብ ተከፍሎ ይሄዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ «ድምፁ ጠፋ» የሚባለው ነገር ነው። የላላ ካቴና ይጮሃል፤ ስለዚህ ሳይብስበት ትደርሱበታላችሁ። ከልክ በላይ የጠበቀ ካቴና ግን መጀመሪያ ላይ ዝም ይላል። ዝም ብሎ ካቴናው የሚንሸራተትበትን ጋይድ ይበላል፣ የሚዞርበትን ጥርስ ይበላል፣ የካምሻፍቱን መቀመጫ ይበላል። ድምፅ ማጥፋትና ማስተካከል አንድ አይደሉም።

ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው

የታይሚንግ ካቴናው ታች ያለውን ክራንክ (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ) ከላይ ካለው ካምሻፍት (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር ያገናኛል። ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ይዞራል። ክራንኩ በሚስበው በኩል ካቴናው ውጥር ነው። በሌላኛው በኩል ግን ይላላል። ቴንሽነር ማለት በዚህ በላላው ጎን ያለውን ጋይድ ከኋላ እየገፋ ካቴናውን የሚይዝ ዕቃ ነው።

ፋብሪካ የሚገጥመው አብዛኛውን ጊዜ በስፕሪንግ ራሱን የሚገፋ ነው። ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ እንዳይመለስ ደግሞ ጥርስ ወይም ጥምዝ አለው። ጥርሱ ሲያልቅ ወይም ስፕሪንጉ ሲደክም ካቴናው እየመታ ይመልሰዋል። በእጅ የሚስተካከለው ይህን ሁሉ ትቶ በአንድ ቡሎንና በአንድ መቆለፊያ ዳዶ ይሠራል። እሱ ወደኋላ አይመለስም። ካቴናው እየረዘመ ሲሄድም ተከትሎት አይገፋም። ያ ሥራ የእናንተ ነው።

ስለዚህ ግልጹን ልንገራችሁ። ጤነኛ ራሱን የሚገፋ ቴንሽነር ካገኛችሁ እሱን ግጠሙ። በእጅ የሚስተካከለው የሚሆነው ኦሪጅናሉ ለጠፋበት፣ ወይም በየጊዜው ለሚበላሽበት፣ ደግሞም ሞተሩን ቆም ብሎ ለሚሰማ ሰው ነው። ዘይት ሲቀየር እንኳ ጎንበስ ብሎ የማያይ ሰው ባይገጥመው ይሻለዋል።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት

ሞተራችሁ የታይሚንግ ካቴና አለው ወይ? ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። በገጠር መንገድ የሚሠሩ ብዙ የቻይና ሞተሮች የሆንዳ ሲጂ ዓይነት ናቸው። እነሱ ካምሻፍታቸው ታች ነው፤ ቫልቩን የሚከፍቱት ከታች ወደ ላይ በሚገፋ ቀጭን ዘንግ ነው። ካቴናም ቴንሽነርም የላቸውም። ቦክሰርን የመሳሰሉት ግን ካምሻፍታቸው ከላይ ስለሆነ ካቴና አላቸው። መለያው ቀላል ነው፤ ሲሊንደሩን ከኋላ፣ በካርቡራተሩ በኩል እዩ። በሁለት ትንንሽ ቡሎን የታሰረች፣ መሐሏ ላይ አንድ ቡሎን ያላት ቁራጭ ካለች ቴንሽነሯ እሷ ናት።

ቀጥሎ ዘይት። የእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ዘይት አንድ ሊትር አካባቢ ነው። ሩቡ ቢጎድል እንኳ ከላይ በኩል መንጫጫት ይጀምራል። ዘይቱን ሳያዩ ቴንሽነር መፍታት ድካም ብቻ ነው።

ድምፁ ከየት ነው?

ዳገት ላይ፣ ለምሳሌ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሁለት ሰው ጭናችሁ ስትወጡ፣ ጋዝ በከፈታችሁ ጊዜ ብቻ «ጭል ጭል» የሚል ከሆነ ካቴና አይደለም። እሱ ማንኳኳት ነው፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ሲነድ የሚመጣ ድምፅ፤ ቤንዚኑን፣ የካንዴላውን ሰዓትና የሞተሩን ሙቀት ፈትሹ። የላላ ካቴና ግን በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ ሲሠራ) እና ጋዝ ሲለቀቅ ነው የሚናገረው። ከ600 ሜትር በላይ የሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ለዚህ ጥሩ መፈተሻ ነው፤ ማርሽ ይዞ ጋዝ ዘግቶ ሲወርድ የላላው ካቴና ጎንና ጎኑን ይመታል።

ከቫልቭ ድምፅም ለዩት። የቫልቭ ክፍተት ሲሰፋ ድምፁ ጥርት ያለ፣ እኩል እኩል የሚመታ «ጠቅ ጠቅ» ነው፤ ከላይ ከክዳኑ ይመጣል። የካቴናው ደፍረስ ያለ ነው፤ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል፣ ከሲሊንደሩ ጎን ይመጣል።

ለማረጋገጥ ረጅም ካቻቪቴ ውሰዱ። ጫፉን ቴንሽነሩ አካል ላይ አሳርፉ፣ እጀታውን ከጆሯችሁ ሥር ካለው አጥንት ጋር አስነኩት። ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ። ከዚያ ጫፉን ወደ ቫልቭ ክዳኑ አዙሩት። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል፤ ካቴናው ከሆነ ቴንሽነሩ ላይ ምቱ እስከ አጥንታችሁ ይዘልቃል። ፀጉርና ልብስ ከሚዞር ነገር ይራቅ።

ምልክት፦ ራሱን የሚገፋው ደክሟል፤ በእጅ የሚስተካከለውን ልትገጥሙ ነው

ሥራው ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው። ካንዴላውን አውጡ። በማግኔቱ ክዳን ላይ ያሉትን ሁለት ቡሽ መሰል ክዳኖች ፍቱ፤ በአንዱ ታዞራላችሁ፣ በሌላው ምልክቱን ታያላችሁ። ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ አዙራችሁ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ መድረሱን የሚያሳየውን የ«ቲ» ምልክት ከመስመሩ ጋር አጋጥሙ። ሁለቱም ቫልቮች ላላ ብለው በጣት ትንሽ የሚንቀሳቀሱ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። ይህ ነገር ለወግ አይደለም፤ ቫልቭ እየገፋ ያለ ካምሻፍት ቴንሽነሩ ሲወጣ በስፕሪንጉ ኃይል ይዞራል፣ ካቴናውም ጥርስ ይዘላል።

አሮጌውን ስትፈቱ መጀመሪያ የመሐሉን ቡሎን አላሉ፤ ውስጡ ስፕሪንግ አለ፣ ድንገት ይወረወራል። ከዚያ ሁለቱን የጎን ቡሎኖች በየተራ ትንሽ ትንሽ አላሉ። ከወጣ በኋላ ጋይዱን የሚገፋውን ምሰሶ በአውራ ጣት ግፉት። እንደመቆለፍ ብሎ ካልያዘና ወደኋላ ከገባ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ቴንሽነሩ እንደወጣ ክራንኩን ማንም እንዳይነካው። ፔዳሉንም። አጠገባችሁ የቆመ ልጅ «ልርገጥ እንዴ?» ቢል እንኳ እንቢ በሉት።

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ጫፉን እዩት። ቶርኖ ቤት ያሠራችሁት ከሆነ የቡሎኑ ጫፍ ድቡልቡል ይሁን፤ ሹል ወይም ጠርዝ ያለው ጋይዱን ይቆፍረዋል። ጫፉ ላይ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ካለው በደንብ መያዙን አረጋግጡ፤ ሞተር ውስጥ ከወደቀ ሌላ ታሪክ ነው። የድሮውን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያልፍ በመሐል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ) ጠርጋችሁ አዲስ አድርጉ። የጎን ቡሎኖቹ የ6 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ የሚገቡት አሉሚኒየም ውስጥ ነው። 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃቸዋል፤ በአጭር ቁልፍ፣ በአንድ እጅ፣ ያዝ ሲያደርግ ማቆም።

አሁን የመሐሉን ቡሎን በጣት ብቻ አስገቡ፤ ጋይዱን ሲነካ ቁሙ። ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። እንደገና በጣት ንኩት፤ ካቴናው ቦታ ስለያዘ ጥቂት ሊገባ ይችላል። የ«ቲ» ምልክቱና የካምሻፍቱ ጥርስ ምልክት አብረው መቆማቸውን እዩ። ከዚያ ዳዶውን ቆልፉ።

ዋናው ማስተካከያ

አሉሚኒየም በሙቀት ሲለጠጥ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሲሊንደሩና ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሲሊንደሩ ራስ) አሉሚኒየም ከሆኑ ሞተሩ ሲሞቅ ካምሻፍቱ ከክራንኩ ይርቃል፤ የብረት ካቴናው ግን ያን ያህል አይረዝምም። ስለዚህ ሞተር ሲሞቅ ካቴናው በራሱ ይጠብቃል። በቀዝቃዛ ሞተር፣ በደሴ ጠዋት፣ ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ አጥብቃችሁ ሰኞ ጭነት ይዛችሁ ባቲ ገበያ ብትወርዱ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ካቴናው እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ነው የሚሠራው። ሲሊንደሩ ብረት ከሆነ ልዩነቱ ያንሳል፤ ሆኖም አለ።

ስለዚህ አሥር ደቂቃ ያህል ነድታችሁ አሙቁት። በሚኒሞ ይሥራ። ቡሎኑን በአንድ ቁልፍ ያዙ፣ ዳዶውን በሌላ አላሉ። ቡሎኑን አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ አላሉ፣ ስሙ። ሌላ አንድ ስምንተኛ። ቀለል ያለ መንጫጫት ሲጀምር ቁሙ። ከግማሽ ዙር በላይ ግን እንዳታላሉ፤ ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ካቴናው ጥርስ ሊዘል ይችላል። አሁን መልሳችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። መንጫጫቱ የጠፋበት ቦታ ልኩ እሱ ነው። እዚያው ቆልፉ።

«ለማንኛውም ትንሽ ልጨምርበት» የሚለውን ሐሳብ ተዉት። የ8 ሚሊ ሜትር ተራ ቡሎን በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ይገባል። ሩብ ዙር ብቻ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለእጅ ትንሽ ይመስላል፤ ለካቴና ግን ትልቅ ነው።

ማታ ቀዝቅዞ አድሮ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ትንሽ ቢንጫጫ አብሽሩ፣ ጤነኛ ነው። ሞቆም የሚቀጥል ከሆነ ነው ወደ ቁልፍ የምትመለሱት።

ምልክት፦ እንደ ፉጨት ያለ «ዝዝዝ»፣ ጋዝ ሲጨመር የሚወጣ

ከልክ በላይ ጠብቋል። ሌላም ምልክት አለ፤ ቡሎኑን ስታስገቡ ሚኒሞው ይወርዳል፣ ፔዳሉም ሲረገጥ ከበድ ይላል። ዘይት ስትቀይሩ ጥቁር የላስቲክ ወይም የፕላስቲክ ፍርፋሪ ካያችሁ ጋይዱ መበላት ጀምሯል። አላልታችሁ ከላይ ባለው መንገድ እንደገና አስተካክሉ። ፍርፋሪ ካያችሁ ግን ማላላቱ ብቻ አይበቃም። የዘይት ማጣሪያውን አውጥታችሁ እጠቡት፣ ጋይዱንም ከፍታችሁ እዩት። ፍርፋሪው ማጣሪያውን ከዘጋው ላይኛው ክፍል ዘይት ያጣል።

ምልክት፦ ከተገጠመ በኋላ አልነሳ አለ፣ ወይም በማርሚታ ይተኩሳል፣ ጉልበት የለውም

ካቴናው ጥርስ ዘሏል። መርገጥ አቁሙ፤ በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቭ ከፒስተን ጋር ይጋጫል። ሴልፍማ ጨርሶ አትንኩ። የካምሻፍቱን ጎን ክዳን ፍቱ፣ የ«ቲ» ምልክቱን አምጡ፣ የላይኛውን ምልክት ተመልከቱ። ካልተጋጠመ ቴንሽነሩን አላልታችሁ፣ የካምሻፍቱን ጥርስ አውጥታችሁ፣ ካቴናውን ወደ ቦታው መልሱ። ካቴናውን በሽቦ ያዙት፤ ወደ ውስጥ ከገባ ለማውጣት ብዙ ያለፋል።

ምልክት፦ ዘይት ያልባል

ከሥሩ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ነው። ከቡሎኑ ከሆነ በጥምዙ እየወጣ ነው፤ ከዳዶው ሥር የመዳብ ሮንዴላ ወይም ኦሪንግ ይፈልጋል። ሲሊኮን መለጠፍ እወዳለሁ የሚል ካለ ስስ አድርጎ ይቀባ። የተረፈው ወደ ውስጥ ይገባና የዘይት መንገድ ይዘጋል።

ምልክት፦ በሳምንቱ እንደገና ላላ

አብዛኛውን ጊዜ ዳዶው ሲቆለፍ ቡሎኑ አብሮ ዞሯል ወይም ዳዶው በደንብ አልተያዘም። ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል፣ አንዱ ቡሎኑን ይዞ ሌላው ዳዶውን ያጠብቃል። ከዚያ ከቡሎኑ እስከ ዳዶው በቀለም አንድ መስመር አስምሩ። ደሴ–ወልድያ የሚመላለስ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ በዓይኑ ብቻ መንቀሳቀሱን ማወቅ ይችላል። አዲስ ካቴና ከገባ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ አስተካክሉት፤ ከዚያ ወዲያ ዘይት በተቀየረ ቁጥር መስማት ይበቃል።

ምልክት፦ ቡሎኑ አልቋል፣ አሁንም ይንጫጫል

ካቴናው ረዝሟል። የሚረዝመው ብረቱ ተስቦ አይደለም፤ የየመገጣጠሚያው ፒን ተበልቶ ነው። ረዘም ያለ ቡሎን ፈልጎ መግፋት መፍትሄ አይደለም፤ የተበላ ካቴና ሲበጠስ ቴስታታውን ይዞ ነው የሚሄደው። ካቴናውን፣ ሁለቱን ጋይዶችና የላይኛውን ጥርስ አብራችሁ ቀይሩ። አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል። የታችኛው ጥርስ ክራንኩ ላይ ስለሆነ በባትሪ መብራት እዩት፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ ከተጠመዘዘ እሱም ጊዜው አልፏል፣ ይህ ግን ሞተሩን ከፍቶ የሚሠራ መካኒክ ይፈልጋል።