«ደብሮኛል» ሲል ምን ማለቱ ነው? ሐረር ላይ የአእምሮ ጤና ጥናት ለምትጀምሩ

ሰሞኑን ከድሬዳዋ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርሷን ገና መጨረሷ ነው። «ጥናት መሥራት እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት ልጀምር?» አለችኝ። እኔ ሐረር ላይ ታካሚ እያየሁ ጥናት የምሠራ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ። በስልክ ያልጨረስኩላትን እዚህ ልጻፈው፤ ለሌሎቻችሁም ይሆናል።

ጥያቄው ከታካሚው ነው የሚመጣው። ለአንድ ወር ደብተር ያዙ። ሰውየው ገብቶ ሲቀመጥ መጀመሪያ የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉ። ስሙን አትጻፉ፤ የበሽታውንም ስም ለጊዜው ተዉት። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ሰው አስጠላኝ»። ወሩ ሲያልቅ የሚደጋገመውን ታዩታላችሁ። እኔ ደብተር ላይ የተደጋገመው ጫት ነበር። ከዚያ ጥያቄውን አጥብቡት። «ጫትና የአእምሮ ጤና» ለአንድ ሰው አይገፋም። «ጤና ጣቢያ ከሚመጡ ቃሚዎች ስንቶቹ የድባቴ (የዲፕሬሽን) ምልክት አላቸው?» ቢባል ግን ይሠራል።

አሁን ወደ መጠይቁ። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ፒኤችኪው-9 (PHQ-9) የሚባለውን የድባቴ መለያ መጠይቅ ነው። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ይሄዳል። አማርኛው አለ፣ በአገራችንም ተፈትሿል። ግን «አለ» ማለት «እዚህም ይሠራል» ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው 10 ነጥብን መለያ መስመር ያደርጋል፤ 10ና ከዚያ በላይ ያገኘ ድባቴ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። ቡታጅራ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ላይ ሲፈተሽ ግን የተሻለው መለያ 5 ሆኖ ተገኝቷል። መስመሩን ከሌላ ቦታ ዝም ብላችሁ አትውሰዱ።

ቃሉም እንደዚሁ ነው። አንድ ወጣት «ድብርት ይሰማሃል?» ሲባል «ኧረ በጣም ደብሮኛል» አለኝ። ቀጥዬ ጠየቅኩት። ሥራ የለውም፣ ቀኑ አልመሽ ብሎታል፤ እሱ ለካ ደበረኝ የሚለው መሰልቸቱን ነው። ሌላው ደግሞ «ካልቃምኩ ይደብረኛል» ይላል፤ ይሄ ሐራራው ነው። ሦስተኛዋ እናት ቃሉን አንስተውት አያውቁም። «ሆዴን ይብሰኛል» ብለው ዝም አሉ። እንባቸው ግን ይወርድ ነበር። ከሦስቱ በእውነት የታመሙት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ መጠይቁን ከመበተናችሁ በፊት አሥር የሚሆኑ ሰዎች አስቀምጡና «ይህን ጥያቄ እንዴት ተረዱት? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» በሏቸው። እኛ አካባቢ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና ሶማሊኛም አለ። በእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ሰው ይተርጉም፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ይተርጉመው። ዋናውና ተመልሶ የተተረጎመው የማይገናኙበት ቦታ ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ይሄ ሥራ አሰልቺ ይመስላል። ለእኔ ግን የጥናቱ ልብ እሱ ነው።

ጫቱን ደግሞ ለብቻው ላንሳው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ነገር ነው። ሲደርቅ ስለሚዳከም ነው የአወዳይ የጫት መኪና እንደዚያ የሚከንፈው። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ያቅበጠብጣል። እነዚህ ሦስቱም ከዘጠኙ ጥያቄዎች ውስጥ ናቸው! ድባቴ የሌለበት ቃሚ በጫቱ ብቻ ነጥብ ሊሰበስብ ይችላል። ተቃራኒውም አለ። መጀመሪያ በሠራሁት ጥናት ለእኛ ስለቀለለን ብቻ ከሰዓት በኋላ ነበር የምንጠይቀው። አንድ ባጃጅ ነጂ ሁሉንም «የለብኝም፣ የለብኝም» ብሎ ጨረሰ። በማግስቱ ጠዋት ለሌላ ጉዳይ ሲመጣ አግዳሚው ላይ አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። ምን ሆንክ ስለው «ትናንት እኮ መርቅኜ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ነው የምጠይቀው። «መጨረሻ የቃሙት መቼ ነው? ስንት ሰዓት ላይ?» የሚል ጥያቄም መጠይቁ መጀመሪያ ላይ አለ። በረመዳን ደግሞ እንቅልፉም፣ ምግቡም፣ የመቃሚያው ሰዓትም ስለሚቀየር፣ ጥናታችሁ ስለ ረመዳን ካልሆነ ወሩን አሳልፉት።

ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳትና ስለ ሞት ሐሳብ ነው። እባካችሁ ይህን ጥያቄ ያለ ዝግጅት አትጠይቁ። «አዎ» ያለ ሰው ብቻውን ወደ ቤቱ አይሄድም። ማን እንደሚያየው፣ የትኛው ክፍል እንደሚወሰድ፣ የማን ስልክ እንደሚደወል መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ በእያንዳንዱ ጠያቂ እጅ ይኑር። እኔ የሳይካትሪ ነርስ በቦታው ከሌለ በዚያ ቀን አልሰበስብም። ቀኑ ይባክን፤ ሰው ግን አይጠፋም።

ይህንን እቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ይጠይቃችኋል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ እዚሁ ሐረር ነው፣ የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴም አለው። ፈቃድ ሳይወጣ አንድም ሰው አትጠይቁ። ወረዳውንና ጤና ጣቢያውንም ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ሌላው፣ ሆስፒታል የመጣውን ብቻ ቆጥራችሁ ስለ ከተማው አትናገሩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ጸበል ወይም ሼህ ዘንድ ነው የሚሄደው። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ትልቁ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት የጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ካገኟቸው ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። እናንተ ያን ያህል አቅም አይኖራችሁም፤ ግን ርዕሱ ላይ «ጤና ጣቢያ በመጡ ሰዎች» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ለስታቲስቲክሱ የሚያግዝ ሰው ከመጀመሪያው ያዙ፣ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሳይሆን። መጽሔት ስትመርጡ ደግሞ ክፈሉና በሳምንት እናወጣዋለን ከሚሉት ራቁ።

ውጤቱ ሲወጣ አንድ ገጽ በአማርኛ፣ አንድ ገጽ በኦሮምኛ ጻፉና መረጃ ወደሰጣችሁ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ። ነርሶቹ ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ አሥር ደቂቃ ለምኗቸውና አንብቡላቸው። እኔ ሳነብ አንዷ ነርስ «ታዲያ ካርድ ክፍል ላይ ስለ ጫቱ እኛው ብንጠይቅስ?» አለች። ሁለተኛው ጥናቴ የተጀመረው በእሷ ጥያቄ ነው።