ከሃይስኩል በኋላ ጓደኛ የሚያሳጡ ስህተቶች

የመጨረሻው ፈተና ያለቀ ቀን ሁሉም "አንጠፋፋም" ይባባላል። ፎቶ ይነሳል፣ ይተቃቀፋል፣ የሚያለቅስም አይጠፋም። ማንም እየዋሸ አይደለም። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያገናኛችሁ የትምህርት ቤቱ ደወል ነበር። ሳትደዋወሉ፣ ሳትቀጣጠሩ፣ በየጠዋቱ አንድ ክፍል ውስጥ ትገኛላችሁ። ደወሉ ሲቀር ማን ይደውል? ብዙው ጓደኝነት እዚህች ጥያቄ ላይ ነው የሚቀረው፤ ሳይጣሉ፣ ሳይቀያየሙ፣ እንዲሁ።

"ግሩፕ አለን" ብሎ መተማመን

የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ይነሳል። ፎቶ፣ ቀልድ፣ ሐሜት። ጥቂት ወራት ቆይቶ የሚቀረው "መልካም ልደት" እና አንዱ ከሌላ ቦታ ፎርዋርድ ያደረገው ማስታወቂያ ነው። ግሩፑ ይኑር፣ ቢያንስ ስልክ ቁጥር ላለመጥፋት ይጠቅማል። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየ "ሰሞኑን ከፍቶኛል" ብሎ የሚጽፍ የለም። ላይክም ያው ነው። ፎቶዋን አይታችሁ "ደህና ናት" ብላችሁ ታልፋላችሁ፤ እሷም ላይካችሁን አይታ ታልፋለች። ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ሁሉንም ይዞ ለመቀጠል መሞከር

አይቻልም። አንትሮፖሎጂስቱ ሮቢን ደንባር ሰው በወጉ ይዞት ሊቆይ የሚችለው ግንኙነት ዘመድ አዝማዱን ጨምሮ 150 ገደማ ነው ይላል። በጣም የቅርብ የሚባሉት ደግሞ አምስት አካባቢ ናቸው። በቁጥሩ የማይስማሙ ተመራማሪዎች አሉ፤ ጊዜያችን ውስን መሆኑን ግን ማንም አይክድም። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ከማዳረስ ለሦስት አራት ሰው በደንብ መድረስ ይሻላል።

ጓደኝነት በአንድ መንገድ ብቻ ይቆያል ማለት

ደንባር ከሳም ሮበርትስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመው አንድ ጥናት አለ። ትምህርት ጨርሰው የሚበታተኑ 30 ወጣቶችን ለ18 ወራት ተከታትለዋል። የሴቶቹን ቅርበት ያቆየው በብዛት ማውራት ነበር። ወንዶቹን ግን የስልክ ወሬ ብዙም አልረዳቸውም፤ ያቆያቸው አብሮ አንድ ነገር ማድረግ ነው። የተጠኑት ጥቂት ስለሆኑ ለሁሉም ይሠራል አልልም። ግን ስልክ ላይ "ሰላም ነው? ሰላም ነው" ተባብሎ የሚዘጋ ጓደኛ ካላችሁ ጠልቷችሁ ላይሆን ይችላል። ኳስ እንጫወት በሉት፤ ሩቅ ከሆነም ጌም በኦንላይን አለ።

ጠፍቶ ማፈር

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ዛሬ እደውላለሁ ትላላችሁ፣ አይሆንም። ሳምንት ያልፋል። ወር ሲሞላው መደወል ብቻ አይበቃም፣ ምክንያት ማቅረብም ያስፈልጋል። ዓመት ሲሆን ደግሞ "አሁን በምን ፊቴ?" ይመጣል። ያኛውም ወገን ቤቱ ቁጭ ብሎ ይህንኑ እያሰበ ነው።

ፔጊ ሊዩ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ድንገት "እንዴት ነህ?" ማለታቸው ሌላውን ምን ያህል እንደሚያስደስት አሳንሰው ነው የሚገምቱት። እንዲያውም ያልተጠበቀ ሲሆን ደስታው ይበልጣል።

ስለዚህ ስትጽፉ በረጅም ይቅርታ አትጀምሩ። "በጣም ቢዚ ሆኜ፣ እንዲህ ሆኖ፣ እንዲያ ሆኖ" የሚለው ጽሑፍ ተቀባዩን ይቅር ባይ ዳኛ ያደርገዋል። "ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ሳቅ አፍነን የተባረርንበት ቀን ዛሬ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እንዴት ነሽ?" ይበቃል።

ተቀባዮችም ብትሆኑ ጥፋት አለባችሁ። የጠፋ ሰው በስንት ጭንቀት ሲደውል "ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?" እየተባለ አሥር ደቂቃ ከተወቀሰ ሁለተኛ አይደውልም። ወቀሳው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ውጤትን መሃል ማስገባት

አንዱ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ አንዷ ፈተናውን ልትደግም ትቀመጣለች፣ ሌላው ሥራ ይጀምራል። የገባው ሲደውል ወሬው ሁሉ ዶርምና ሌክቸር ይሆናል። ያልተሳካላት "እሺ፣ ጎበዝ" እያለች ትሰማና ቀስ በቀስ ስልክ ማንሳት ትተዋለች። ደስታችሁን ደብቁ ማለት አይደለም፤ መደበቅም ያስታውቃል፣ ይበልጥም ያማል። ግን እሷንም ጠይቁ። "አይዞሽ፣ ይሳካል" ብሎ ማለፍ መጠየቅ አይደለም። ቀኗን በምን እንደምታሳልፍ፣ ምን እንደሰለቻት፣ ማንን እንደተዋወቀች ጠይቁ።

"ተለወጠ" ብሎ ማኩረፍ

በ17 ዓመቱ የነበረበት ቦታ ላይ የሚቆም ሰው የለም። እናንተም አልቆማችሁም። የማይወደውን የድሮ ቅጽል ስም ብትተዉለት ደግሞ ጥሩ ነው።

አዲሶቹን ከድሮዎቹ ጋር ማወዳደር

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ሁለት ሰዎች እንዲያው ከመተዋወቅ አልፈው ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመጀመር 50 ሰዓት ገደማ አብረው ማሳለፍ አለባቸው፤ የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። ሃይስኩል ውስጥ ይህን ሰዓት ማንም ሳይቆጥረው ታልፉታላችሁ። ዶርም የገባችሁ በሁለተኛው ሳምንት "እንደ ድሮዎቹ የሚሆን ሰው የለም" ማለት ገና ሳይጀመር መፍረድ ነው። የድሮ ጓደኛችሁ አዲስ ሰው ሲያገኝም እንደ ክህደት አትዩት። ከተመቸ አስተዋውቁን በሉት። ከአዲሱ ሰው ጋር ላትግባቡ ትችላላችሁ፤ እሱም ችግር የለውም።