ዳይናሚክ ላይብረሪን በተለያዩ የዩኒክስ ዝርያዎች ላይ እንዴት መጫን ይቻላል

ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ላይብረሪ ለመጫን የሚያገለግሉት ዲኤልኦፕን (የሚጭነው)፣ ዲኤልሲም (በውስጡ ያለን ፈንክሽን የሚያገኘው)፣ ዲኤልኤረር (ስህተቱን የሚነግረው) እና ዲኤልክሎዝ (የሚዘጋው) የተባሉት አራት ፈንክሽኖች፣ ፖዚክስ በተባለው የዩኒክስ ሲስተሞች የጋራ ስታንዳርድ የተደነገጉ በመሆናቸው፣ ብዙ ፕሮግራመር ሊኑክስ ላይ የጻፈው ኮድ ሌላው ዘንድም እንዳለ የሚሠራ ይመስለዋል። ፈንክሽኖቹ በእርግጥ አንድ ናቸው፤ የሚለያየው ለዲኤልኦፕን የሚሰጠው የፋይል ስም እና ፖዚክስ ሳይወስን የተወው ጉዳይ ነው።

ሊኑክስ ላይ ስሙን ከዋናው የእትም ቁጥር ጋር ይጻፉ። የሲ ላይብረሪውን ዴቢያን ላይ «ሊብሲ.ኤስኦ» ብለው ለመጫን ቢሞክሩ፣ ዲኤልኤረር የኤልፍ (የሊኑክስ ፕሮግራሞችና ላይብረሪዎች የፋይል ቅርጸት) ራስጌው ልክ አይደለም ብሎ ይመልሳል፤ በዚያ ስም የተቀመጠው ፋይል ፕሮግራምን ከላይብረሪ ጋር ለሚያገናኘው ለሊንከር የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ነውና፣ በካት ቢያነቡት ወደ እውነተኛው «ሊብሲ.ኤስኦ.6» የሚመራ መስመር ያገኙበታል። የሌሎች ላይብረሪዎች ቁጥር አልባ ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዴቨሎፕመንት ፓኬጅ ጋር ብቻ የሚመጣ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ስም) ስለሆነ፣ በፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር የሄደው ፕሮግራም ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ ይወድቃል። ኦፕንቢኤስዲ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁጥሮቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየሩ ቁጥር አልባውን ስም መስጠት ይሻላል፣ ተስማሚውን እትም ሎደሩ (ላይብረሪውን ሜሞሪ ላይ የሚጭነው የሲስተሙ ክፍል) ራሱ ይፈልጋል። ማክኦኤስ ላይ ቁጥሩ «.ዳይሊብ» ከሚለው ቅጥያ በፊት ይገባል። ኤአይኤክስ ላይ ላይብረሪው «.ኤ» በሚል አርካይቭ ውስጥ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ የአባል ፋይሉን ስም በቅንፍ ጨምሮ አርቲኤልዲ_ሜምበር የተባለውን ፍላግ መስጠት ያስፈልጋል። ስለዚህ ስሞቹን በየሲስተሙ ለይተው በአንድ ሰንጠረዥ ይያዙና በተራ ይሞክሯቸው።

ከመጫን በፊት ፋይሉ መኖሩን አይፈትሹ። ከማክኦኤስ 11 ጀምሮ የሲስተሙ ላይብረሪዎች በጋራ ካሽ ውስጥ እንጂ በየራሳቸው ፋይል ዲስክ ላይ ስለማይገኙ፣ ፍተሻው «የለም» ያለውን ላይብረሪ ዲኤልኦፕን ያለ ችግር ይከፍተዋል። የራስዎን ፕለጊን ግን በሙሉ ዱካው ይጥሩ፤ ላይብረሪ የሚፈለግባቸውን ፎልደሮች በሚይዘው ዲዋይኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ በተባለው የሲስተም ተለዋዋጭ ከተማመኑ፣ ፕሮግራሙ በሼል ስክሪፕት በኩል ሲነሳ ማክኦኤስ ተለዋዋጩን ሊሰርዝብዎ ይችላል።

ለዲኤልኦፕን ከሚሰጡት ፍላጎች መካከል አርቲኤልዲ_ሎካል (የላይብረሪው ስሞች ቀጥሎ ለሚጫኑ ላይብረሪዎች እንዳይታዩ የሚያደርገው) ወይም አርቲኤልዲ_ግሎባል (እንዲታዩ የሚያደርገው) ካልተጻፈ የሊኑክስ ነባሪ የመጀመሪያው፣ የማክኦኤስ ደግሞ ሁለተኛው ስለሆነ፣ አንዱን ሁልጊዜ በግልጽ ይጻፉ። ከእርሱ ጋር አርቲኤልዲ_ናውን ቢጨምሩ የጎደለ ፈንክሽን ወዲያው በመጫኛው ሰዓት ይታወቃል፤ ተጠቃሚው ሥራውን አጋምሶ ሳለ ከሚቋረጥበት ይህ ይሻላል።

ሊንክ ሲያደርጉ በብዙ ሊኑክሶች ላይ ያለው የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ እትም 2.34 ከመውጣቱ በፊት፣ እነዚህን ፈንክሽኖች የያዘውን ሊብዲኤልን መጨመር ግድ ነበር፤ ቢኤስዲዎች ግን ፈንክሽኖቹን ያለ እርሱ ያቀርባሉ። ሲሜክ የተባለውን የፕሮግራም መገንቢያ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ሲሜክ_ዲኤል_ሊብስ የተባለውን ተለዋዋጭ ቢጽፍ ልዩነቱን ሲሜክ ራሱ ይፈታዋል።

በመጨረሻም መስል በተባለው ሌላ የሲ ላይብረሪ የተሠራው አልፓይን ሊኑክስ ላይ ዲኤልክሎዝ ላይብረሪውን ከሜሞሪ አያወጣም። ፋይል መዝጋትንና ቋት ማጽዳትን ለላይብረሪው ማብቂያ ኮድ ከመተው ይልቅ፣ በፕለጊኑ ውስጥ ለብቻው የመዝጊያ ፈንክሽን ያስቀምጡና ከዲኤልክሎዝ በፊት ራስዎ ይጥሩት።