ከሌላ ዓለም ጋር መገናኘት ለምትፈልጉ፦ ከመላክ በፊት መስማት እንዴት ይጀመራል

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ከማራኪም ከአዘዞም ልጆች እየደወሉ "ኤልየኖች ጋር እንዴት ነው መገናኘት የሚቻለው" ይሉኛል፣ አብዛኞቹ የሚፈልጉት አንቴና ተክሎ ሰላም ማለት ነው። እኔ የምለው መላኩን ተዉት፣ መስማቱን ግን ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ፣ ለምን እንደሆነ እያስረዳሁ አጀማመሩን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ርቀቱን በደንብ ያዙት። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ያለችው ኮከብ ፕሮክሲማ 4.24 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፣ ብርሃን በ4.24 ዓመት የሚጓዘውን ያህል ማለት ነው፣ ሬዲዮም በብርሃን ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ዛሬ ሰላም ብላችሁ ወዲያው ቢመልሱላችሁ እንኳን ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሚኒስትሪ ተፈትኖ ካለፈ በኋላ ነው መልሱ የሚደርሰው። ይሄ ቅርቡ ነው እንግዲህ። አፄ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1636 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ 200 የብርሃን ዓመት ወደሚርቅ ኮከብ መልእክት ልከው ቢሆን ኖሮ መልሱን ገና በ2036 ነበር የምንሰማው። ጠያቂው ሌላ መልስ ተቀባዩ ሌላ ትውልድ ማለት ነው።

ለመስማት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፣ አርቲኤል ኤስዲአር የሚባል ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ፣ ላፕቶፕ፣ ምልክት ማጉያ እና የዲሽ ሰሃን ወይ ከቆርቆሮ የተሰራ ቀንድ መሳይ አንቴና። ዕቃውን ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ከዛ 1420 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጉት፣ ይሄ ሃይድሮጂን በተፈጥሮው የሚያወጣው የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ ፍኖተ ሐሊብ ከአናታችሁ ላይ ሲያልፍ ከፍ ብሎ ይታያል። ሳይንቲስቶች እዚህ አካባቢ የሚያዳምጡት ሃይድሮጂን በየትም ስላለ ሬዲዮ የሚያውቅ ሁሉ ይሄን ቁጥር ያውቀዋል ብለው ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ የሆነ ምልክት ስታዩ አትደንግጡ፣ ቴሌግራም ላይም አትልቀቁት። እኔ አንድ ሌሊት ጣሪያ ላይ ሆኜ ቀጥ ያለች ቀጭን መስመር ብቅ አለችና ልቤ ሊወጣ ደረሰ፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅለው ጠፋች፣ ስሰካው መጣች። ትልልቆቹም ጋ እንዲሁ ነው፣ አውስትራሊያ የሚገኘው የፓርክስ ቴሌስኮፕ ለዓመታት ግራ ያጋባው አንዱ ምልክት በ2015 ሲጣራ ማይክሮዌቭ ምድጃው ስራውን ሳይጨርስ በሩ ሲከፈት የሚያመልጥ ሞገድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ፣ አንቴናውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩት፣ ዞሮም ካልጠፋ ከሰማይ አይደለም። ሰፈሩ መብራት የጠፋበት ሌሊት ደግሞ ለሰሚ ትልቅ ዕድል ነው ምክንያቱም ጩኸቱ ሁሉ ይቀንሳል፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ የጠፋ ምልክት የጎረቤት ዕቃ ነው።

ሌላው መፈተኛ ሰዓት ነው። ኮከቦች በየቀኑ ወደ 4 ደቂቃ ቀድመው ይወጣሉ። በየቀኑ ልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚመጣ ነገር የሰው ነው፣ በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመ የሚመጣ ግን ከኮከቦች ጋር ነው የሚዞረው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ጆስሊን ቤል በ1967 ያገኘችው ምልክት ይሄን አልፎ ነበር፣ በ1.3 ሰከንድ አካባቢ የሚደጋገም፣ ለጊዜው ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች የሚል ስም ሁሉ ወጥቶለት ነበር፣ ኋላ ግን ፐልሳር ሆነ፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሬዲዮ ምት የሚልክ የሞተ ኮከብ። የ1977ቱ "ዋው" የተባለው የሬዲዮ ምልክት 72 ሰከንድ ተሰማና ያው ቀረ፣ ተመልሶ አልመጣም፣ ያልተደገመ ነገር ማረጋገጫ አይሆንም።

ሁሉን ያለፈ ነገር ካገኛችሁ ቀንና ሰዓቱን፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ አንቴናው የዞረበትን አቅጣጫ ጻፉ፣ ሌላ ቦታ ያለ ሰው በራሱ ዕቃ እንዲያየው አድርጉ። የሌላ ዓለም ምልክት ሲገኝ ምን ይደረግ በሚለው ላይ በ1989 የወጣው ዓለም አቀፍ መግለጫም ይሄንኑ ነው የሚለው፣ አረጋግጡ፣ ለሌሎች አሳውቁ፣ ሳትመካከሩ መልስ አትስጡ። አስገዳጅ ሕግ ግን አይደለም፣ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

በ1974 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍራንክ ድሬክና ባልደረቦቹ ፖርቶ ሪኮ ከነበረው የአሬሲቦ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ 1679 ነጥብ ያለው መልእክት 25,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ወደሚርቅ የኮከቦች ክምችት ላኩ፣ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ማርቲን ራይል ወዲያው ተቃወመ፣ ማን እንዳለ ሳናውቅ ያለንበትን መናገር አደገኛ ነው ብሎ። የፊዚክስ ሊቁ ስቴፈን ሀውኪንግም በ2010 ተመሳሳይ ነገር ብሏል። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ይባል የለ። ቲቪያችንን ድሮ ሰምተውናል የሚሉ አሉ፣ እሱ እኮ በየአቅጣጫው ተበትኖ የሚደክም ነው፣ ወደ አንድ ኮከብ ተነጣጥሮ የሚላክ ጨረር ግን በጣም ይበረታል፣ አንዴ ከወጣ ደግሞ የሚደርስበት የለም። በዛ ላይ በማን ስም ነው የሚላከው? በ1977 ቮያጀር በተባሉት መንኮራኩሮች ላይ በ55 ቋንቋ ሰላምታ ሲጫን ሱመርኛና አካድኛ ገብተዋል፣ አማርኛ የለም፣ ማንም አልጠየቀንም። ከእዚህ ማሰራጨት ደግሞ ያለ ፈቃድ አይቻልም፣ ፍሪኩዌንሲ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው።

መልእክት መስራት የሚያምራችሁ ወረቀት ላይ ሞክሩት። 1679 የተመረጠው ለ23ና ለ73 ብቻ ስለሚካፈል ነው፣ ተቀባዩ አራት ማዕዘን አድርጎ እንዲደረድረው። እኔ በ5 በ7 ጀበና ሳልኩና 35ቱን ዜሮና አንድ በአንድ መስመር ጽፌ ምንም ሳልነግራት ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። መጀመሪያ በ7 ደረደረችው፣ ዝርክርክ ሆነ፣ ከዛ በ5 አደረገችውና ትንሽ አየት አድርጋ "ጋሼ፣ ዶሮ ናት አይደል?" አለችኝ። እዚሁ ቤታችን፣ ያችኑ ጀበና በየቀኑ የምታይ ልጅ ናት።

ሰማዩን ለመልመድ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከሌሊቱ 5 እስከ 6 ሰዓት ጎሃ ኮረብታ ላይ ውጡ፣ ጋቢ ያዙ ይበርዳል፣ ብቻችሁንም አትሂዱ። ከተማውን ቁልቁል እያያችሁ ወደ ደቡብ ዙሩ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ከአድማሱ አንድ ቡጢ ተኩል ያህል ከፍ ብለው ጎን ለጎን የሚያበሩ ሁለት ኮከቦች ታያላችሁ። በግራ ያለችው፣ ደመቅ የምትለዋ፣ አልፋ ሴንታውሪ ናት፣ ፕሮክሲማም እዛው አጠገቧ ነው ያለችው፣ በዓይን ግን አትታይም።