በረዶ የሠራ ምግብ ይዘው ረጅም መንገድ ሲነዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አይስ ቦክስ ያቀዘቅዛል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አያቀዘቅዝም። ሙቀት ቶሎ እንዳይገባ ያዘገያል እንጂ ቅዝቃዜውን ይዘው የሚመጡት እርስዎ ነዎት። መንገድ ላይ የሚበላሽ ምግብ ሁሉ ይህ ከመረሳቱ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ስህተት ዕቃ ቤት የሰነበተ ሳጥን አቧራውን ጠርጎ ወዲያው መሙላት ነው። ግድግዳው ራሱ ሙቀት ይዟል፤ በረዶዎ ምግቡን ሳይደርስ ሳጥኑን ሲያቀዘቅዝ ያልቃል። ማታውኑ በረዶ ጨምረው ይክደኑት፣ ጠዋት ያንን ደፍተው በአዲስ ይተኩ።

ሌላው፣ ትናንት ማታ ፍሪዘር የገባ ትልቅ ሥጋ ይዞ መውጣት። ከላይ ድንጋይ ይመስላል፣ መሃሉ ግን ገና ነው። ፍሪዘሩን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አድርገው ሁለት ቀን ቢያቆዩት ይሻላል። ደግሞም ምግቡ ከፍሪዘር መውጣት ያለበት ሻንጣው ሁሉ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ተራ በረዶን ማመን። የውሃ በረዶ የሚቀልጠው 0 ዲግሪ ላይ ነው። ሥጋና ዓሣ ግን ውስጣቸው ያለው ውሃ ንጹሕ ስላልሆነ ከዜሮ በታች 1 ወይም 2 ዲግሪ ላይ ይላላሉ። ስለዚህ በረዶው ሳያልቅ ሥጋው ለስልሶ ቢያገኙት አይገረሙ። መፍትሔው ጨው ነው። በ1 ሊትር ውሃ 100 ግራም ያህል ጨው አሟሙተው በፕላስቲክ ጠርሙስ ያቀዝቅዙት፤ ይህ በረዶ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀልጦ ያልቃል። ውሃ በረዶ ሲሠራ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ጠርሙሱን እስከ አፉ አይሙሉት። ጨውም አያብዙ፣ በጣም ከበዛ የቤት ፍሪዘር አያረጋውም። ጠርሙሱ ላይ ምልክት ያድርጉበት። እኔ ሳላደርግ ቀርቼ ከኋላ የተቀመጠው እንግዳዬ ከቀለጠው አንድ ጉንጭ ተጎንጭቶ መኪና አስቁሞኛል።

ሳጥኑን በግማሽ ተሞልቶ መተውም ያስከፍላል። ባዶውን ቦታ በጋዜጣ ወይም በፎጣ ይድፈኑት፤ ምግቡን አጠጋግተው፣ ጠርሙሶቹን ከላይና ከጎን ይደርድሩ፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳልና። የሚጠጣ ነገር እዚያው አይክተቱ። ለአንድ ለስላሳ ተብሎ በየግማሽ ሰዓቱ ክዳን የሚከፈትበት ሳጥን ምንም አይጠብቅም።

ብርድ ልብስ ያሞቃል ብለው ሳጥኑ ላይ ለመጣል የሚፈሩ አሉ። ብርድ ልብስ ሙቀት አይሠራም፣ ያለውን ይይዛል እንጂ፤ ከውጭ የሚመጣውንም እንዲሁ ያግዳል። ይጣሉበት። ምሳ ለመብላት ሲቆሙ ግን ጥላ ይፈልጉ፦ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከውጭው አየር ከ20 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል።

ደረቅ በረዶ የሚጠቀሙ ከሆነ ስህተቱ ከምግብ መበላሸት ያልፋል። ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የሚደርስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ ነው፤ ሳይቀልጥ በቀጥታ ጋዝ ይሆናል። መስኮት ዘግተው ከነዱ ያንን ጋዝ ነው የሚተነፍሱት፤ ራስ ያዞራል፣ ያፍናል፣ ሊገድልም ይችላል። መስኮት ይክፈቱ፣ በባዶ እጅ አይንኩት፣ ጋዙ መውጫ ካጣ ሊፈነዳ ስለሚችል አየር በማያስወጣ ዕቃ ውስጥ አይቆልፉበት።

የመጨረሻው ስህተት ሲደርሱ አሽትቶ መፍረድ ነው። በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ የግድ አይሸትም። ቴርሞሜትር ይያዙ። ምግቡ ላይ አሁንም የበረዶ ቅንጣት ካለ ወይም ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ካላለፈ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል፣ ጣዕሙ ትንሽ ቢጎዳም። ከዚያ በላይ ሆኖ 2 ሰዓት ከቆየ፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ 1 ሰዓት ከቆየ፣ ሳይቀምሱ ይጣሉት።